ዘጠኝ ኪሎ

ማክሰኞ ሳይነጋ፣ ቤዛንሶን ሲተኛ፣
እኔና መኪናው ብቻ ነን መንገደኛ።
ዱብስ ወንዝ ጉም ለብሶ፣ ኮረብታውን ከልሎ፣
እንደ ሰዓት ሞላ ተኝቷል ተጠቅልሎ።
ከየደጁ ቆሟል ቡናማ በርሜል፣
ክዳኑ ሥር ቁጥር፣ «የማን ነኝ?» የሚል።
የመኪናው ክንድ ያነሣል፣ ይመዝናል በየተራ፣
ስክሪኑ ይጽፋል፣ ማንንም ሳይፈራ፦
ፎቅ ሦስት፣ አራት ኪሎ፤ ዳቦ ቤቱ፣ ሃያ፤
ሆቴሉማ ተዉት፣ የጥጋብ ገበያ።

ሕጉ የወጣ ዕለት አዳራሹ ጦፈ፣
ዳቦ ጋጋሪው ጋስፓር እጁን አወናጨፈ፦
«ፍርፋሪዬን ደግሞ መንግሥት ሊቆጥረው?
ነገ ጉርሻዬንም ከአፌ ሊቀማው ነው!»
ወይዘሮ ክሎቲልድ ተነሡ፣ የምክር ቤት አባል፣
ቃላቸው እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ይወርዳል፦
«የጣልነው እህል አይሞትም ተቀብሮ፣
ይተነፍሳል እንጂ ከቆሻሻ ሥር አድሮ፤
ሚቴን ነው ትንፋሹ፣ ተሰውሮ ከዓይናችን፣
ብርድ ልብስ ይደርባል በምትነድ ምድራችን።
እናንተ ብትረሱ ተራራው አልረሳም፤
ዘንድሮ ጁራ ላይ በረዶ አልደረሰም።»
እጅ ወጣ። ተቆጠረ። በሦስት ድምፅ አለፈ።
ጋስፓርም ዱቄቱን ከክንዱ አራገፈ።

እውነት ለመናገር፣ ሕጉ ሠራ።
የትምህርት ቤቱ ጭልፋ አነሰ በአንድ ጣት፣
ልጆቹ «ድገሙኝ» ማለት ለመዱበት።
ሱቁም ቀኑ የቀረበ እርጎና ሰላጣ
ወደ ገንዳ ሳይሆን ወደ ሰው አመጣ።
ጋስፓር ራሱ እንኳ (ማን ያምናል ቢነግሩት?)
የትናንት ዳቦውን አድርቆ ይሸጣል፣ ስም አውጥቶለት።
የቀረው ልጣጭማ በብረት ጋን ታፍኖ፣
አምስት ቁጥር አውቶቡስን ይነዳል ጋዝ ሆኖ።

የአሥራ ሰባት ቁጥር ግን በርሜሉ ቀላል ነው።
ሁለት መቶ ግራም። ሁልጊዜም ይኸው ነው፦
የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንድ የፖም እንብርት፣
የሙሴ ኦዲሎን የሳምንት ሙሉ ሕይወት።
ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ፣
ጆሯቸው ግን ቀረ ከደቂቃዎች ጋ።
መኪናዬን ሰምተው፣ መጋረጃ ገልጠው፣
«አርፍደሃል» ይሉኛል፣ ሁለት ጣት አሳይተው።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ክንዱ አቃሰተ።
ዘጠኝ ኪሎ! ደነገጥኩ። ዓይኔ ነው የሳተ?
ደገምኩት፤ ዘጠኝ ነው። ክዳኑን ገለጥኩት፦
ሙሉ የበግ ወርች፣ ቢላ ያላረፈበት፣
ድንች ከነወዙ፣ ያልታረሰ እርሻ፣
ኬክ ያልተቆረሰ፣ ያልጎደለው ጉርሻ፤
ላዩ ላይ በሻማ «ሰማንያ» ተብሏል፤
የሻማው ክር ነጭ ነው። እሳት መች ነክቶታል።
ስድስት የወረቀት ፎጣ፣ በወጉ እንደታጠፈ።
መጋረጃው አልተገለጠም። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ።

ሐሙስ፣ ከቢሮው፣ ደብዳቤ ወጣላቸው፤
የሚጽፈው ማሽን ነው፣ አያውቅም ማንነታቸው፦
«ክቡር ነዋሪ፣ ብክነትዎ በአርባ አምስት እጥፍ አደገ።
የሚገዙትን ይለኩ፤ መቀጮ ተደንግጓል፣ ሕጉ እንደደነገገ።»
ልክ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም።
ሕጉንም አልወቅስም፣ ለማንም አላደላም።
እህል መጣል ግፍ ነው፣ ይህን ማን ያጣዋል?
ያልመጣ እንግዳስ በስንት ኪሎ ይጻፋል?
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እንዲሉ፣
በአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ወደቀ ሎሚው ሁሉ።
ሃምሳው ሰው የት ቀረ?
ለዚህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ሣጥን አልነበረ።

ቅዳሜ፣ ገበያ ስሄድ፣ አምስት ቁጥር ላይ፣
ሙሴን አየኋቸው፣ በመስኮት ሲያዩ ሰማይ።
አውቶቡሱ ይሞቃል። ዳገቱን ሲወጣም አላቃሰተም።
የዚያ ወርች፣ የዚያ ኬክ ትንፋሽ ይሆን? አልነገርኳቸውም።
አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤
ደብዳቤው ከኪሳቸው ብቅ ብሏል፣
አራት ጊዜ ታጥፎ፣ እንደ ቲኬት፣ እንደ ምስክር።
ተቀመጥኩ። ሰዓታቸውን አይተው፣ ፈገግ ሳይሉ፣
«ሁለት ደቂቃ አርፍደሃል» አሉ።